የሐረር ሙዚየም ጉብኝት ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ሰብሳቢ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የጉብኝቱ ፕሮፖዛል እስከ ሰኞ ለሥራ አስፈጻሚው መድረስ አለበት። ረቂቁ የሚለው ይህንን ነው። 36 የታሪክ መምህራን ከአዲስ አበባ ተነስተው ሐረር፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ይጎበኛሉ። ጉዞው አራት ቀንና ሦስት አዳር ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ ሲመለስ አንድ የክፍል ትምህርት አዘጋጅቶ ያስረክባል። ሙዚየሙ የሚታየው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከ8፡00 እስከ 10፡00 ሲሆን 36ቱም አንድ ላይ ይገባሉ። ከዚያ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም የሚጠራው ራምቦ ቤት፣ ማታ ጅብ ማብላት፣ ሐሙስ ባቢሌ፣ ዓርብ መመለስ።

ሥራ አስፈጻሚው የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ይህ ሥልጠና ነው ወይስ ሽርሽር?» ስለዚህ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ዐረፍተ ነገር ይውጣ፣ በምን ይተካ? እሱን ጻፉልን።

ከሐረር አባል

አቦ፣ ከሰዓቱ እንጀምር። ሐረር ላይ ከቀትር በኋላ 8፡00 ለቡድን ጉብኝት የማይሆን ሰዓት ነው። ምሳ አለ፣ ሶላት አለ፣ ከዚያ በርጫ (ጫት መቃሚያው) ይመጣል፤ ቢሮው ይቀዘቅዛል፣ የምትፈልጉት ሰው ቦታው ላይ አይገኝም። ማንኛውም የሙዚየምና የቢሮ ጉዳይ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ውስጥ ይለቅ። ከሰዓት በኋላው ለሆቴል ውስጥ ሥራ ይሁን።

ሁለተኛ፣ 36 ሰው በአንድ ጊዜ አይገባም። ቤቱ መጀመሪያውኑ ለሙዚየም አልተሠራም። ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ነው፤ ክፍሎቹ የቤት ክፍሎች፣ ደረጃው የቤት ደረጃ ነው። አስጎብኚው አንድ መስታወት ሣጥን ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ያያል፤ የቀረው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው። ከኋላ ያሉት ሲሰለቻቸው ወደ ሰገነቱ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ እንግዲህ «ሽርሽር» የሚለው ስም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ በረቂቁ ዓላማ ሥር «የንጉሡን የቀድሞ መኖሪያ ለማየት» የሚለው ይውጣ። ይህ ዐረፍተ ነገር ወደ ክልሉ በሚሄደው ደብዳቤ ላይ ከገባ ገና ከበሩ ነገር ይበላሻል። ቤቱ ሌላ ነው፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ቤቱ ተፈሪ መኮንን የሐረር ገዥ ከነበሩበት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው፤ ከእቴጌ መነን ጋር የሙሽርነት ጊዜያቸውን እዚያ አሳለፉ ይባላል። በውስጡ ያለው ስብስብ ግን አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት ከሐረር ቤተሰቦች እጅ የሰበሰቡት የከተማው ሕዝብ ቅርስ ነው፦ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣ ጌጥ፣ ስፌት፣ የጦር መሣሪያ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂዎች። መጀመሪያ ሙዚየሙን የከፈቱት በገዛ ቤታቸው ነበር፤ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት የተዛወረው ኋላ ነው። የገዥ ቤት ውስጥ የተገዥው ታሪክ ተቀምጧል ማለት ነው። ለታሪክ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ?

የፕሮግራም ክፍል

የመጨረሻውን ሐሳብ የፕሮፖዛሉ መሠረት እናድርገው ባይ ነኝ። የመልመጃው ወረቀት ለሁለት ይከፈል፦ «ቤቱ ምን ይናገራል?» እና «ስብስቡ ምን ይናገራል?» ሁለቱ የማይስማሙበትን ቦታ መፈለግ የተሳታፊው ሥራ ይሆናል።

ለቤቱ ክፍል የሚያስፈልገው ዳራ በአንድ ገጽ ይበቃል። ሐረር ከተያዘችበት ከጨለንቆ ጦርነት (1879 ዓ.ም.) በኋላ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ መጡ፤ ይዘውት የመጡትም የቤት አሠራር ከነባሩ ፈጽሞ ይለያል። ነባሩ የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ለመንገዱ ግድግዳውን ብቻ የሚያሳይ ነው። የሕንዶቹ አራት ማዕዘን፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ ያለው ነው። ራስ ተፈሪ ቤት የሁለተኛው ዓይነት ነው። ተሳታፊው ገና ሳይገባ መንገዱ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች አይቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ይህ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ወጪም የለውም።

አንድ ሰው ሐረሪ ቤት ሳያይ የሕንዱን ቤት ልዩነት ሊረዳ ስለማይችል በፕሮግራሙ አንድ የሐረሪ ቤት ይግባ። የክብርና የዕድሜ ቅደም ተከተል የሚታይባቸው አምስቱ ነደባዎች (ከፍ ያሉ መቀመጫ መደቦች)፣ ቀዩ ወለል፣ በግድግዳው የተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች በዓይን ካልታዩ በቃል አይገቡም።

ትራንስፖርት

መንገዱን በተመለከተ። ሐረር በመኪና 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ኮስተር ከሌሊቱ 11፡00 ከተነሳን አዋሽ ላይ ቁርስ፣ ጭሮ ላይ ምሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐረር። ከ11፡00 ዘግይቶ መነሳት ማለት ከጭሮ በኋላ ያለውን ተራራማ መንገድ በጨለማ መጨረስ ነው፤ ሾፌሩ እምቢ ቢል መብቱ ነው።

በባቡር ከፉሪ ለቡ ድሬዳዋ ይደረሳል፤ ነገር ግን የመነሻ ቀኑ ከእኛ ማክሰኞ ጋር ላይገጥም ይችላል፣ ጣቢያውም ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ያለ ነው። ከዚያም በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና መያዝ የግድ ነው። ለ36 ሰው በአንድ ጊዜ መኪና ጣቢያው በር ላይ ካልተቀጠረ ሁለት ሰዓት እዚያው ይባክናል። አውሮፕላን በጀቱን ይበላል። ስለዚህ ኮስተር።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀኑ ወደ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 እንዳይጠጋ። ቁልቢ ገብርኤል መንገዳችን ላይ ነው። በንግሡ ሳምንት ከጭሮ ወዲያ መንገዱ የምዕመናን ነው፤ በሐረርና በድሬዳዋም አልጋ አይገኝም።

ኮስተሮቹ ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ አያልፉም። እዚያ ያወርዱናል፤ ከዚያ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቁልቁል በእግር ነው። የጠጠር ንጣፉ ሲለፋ ያንሸራትታል፤ ታኮ ጫማ አይሆንም።

አንድ አባል

ቀኑን ካነሳችሁ አይቀር ረመዳንም ይታሰብ። የሴሚስተሩ ዕረፍት ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ በእነዚህ ዓመታት ከዕረፍታችን ጋር እየተጋፋ ነው። ጾመኛ አስጎብኚ ሦስት ቡድን ይዞ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እንዲውል መጠየቅ ነውር ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት ይሻላል።

ከሐረር አባል

ትክክል። ከረመዳን በኋላ ደግሞ የሸዋል ወር የስድስት ቀን ጾም አልቆ የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ ይከበራል። ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ እንግዳው በዝቷል። በዓሉን ለማየት ለሚመጣ ሰው ድንቅ ጊዜ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ ተረጋግቶ ሊሠራ ለሚመጣ ግን አይመከርም።

ገንዘብ ያዥ

የአልጋው ስሌት በረቂቁ ላይ ተሳስቷል። 36 ተሳታፊ፣ 22 ሴትና 14 ወንድ፤ ሁለት ሁለት ሲሆኑ 11 እና 7፣ በድምሩ 18 ክፍል። በሦስት አዳር 54። ግን ሾፌሮቹ የት ያድራሉ? መኪና ውስጥ አድሮ በማግስቱ 525 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር አንፈልግም። አንድ ክፍል ይጨመር፦ 19 ክፍል፣ 57 የክፍል አዳር። ከተሳታፊዎች አንድ ሰው ቀርቶ ሌላ ጾታ ሲተካ ጥንዱ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ተተኪ ሲመረጥ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት ይሁን።

ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ለሚፈልጉ ሆቴሉ ቀድሞ ይነገረው። ቁጥሩ ከምዝገባ ቅጹ ላይ ይወሰዳል፤ እዚያ ሄዶ እጅ እያወጡ መቁጠር የለም።

ደረሰኝን በተመለከተ፦ የሆቴልና የመኪና ችግር የለውም። የሚያስቸግረው የአስጎብኚ ክፍያ ነው። ደረሰኝ የሌለው ሰው በወጪ ማስረጃ ላይ ይፈርማል፣ የፈቃዱ ወይም የመታወቂያው ኮፒ ይያያዛል። የሙዚየሙ የመግቢያ ቲኬት 36ቱም ጉርዳቸው ይሰብሰብ፤ ሰው ለማስታወሻ ብሎ ኪሱ ከከተተው ኦዲተሩ አይቀበለኝም።

ደግሞ ረቂቁ ላይ «36 ጥንድ ነጭ የጨርቅ ጓንት» የሚል አለ። ለምንድን ነው?

የቅርስ ጥገና ባለሙያ

ጓንቱ ይውጣ። የእጅ ጽሑፍ በጨርቅ ጓንት መንካት በጣቶች ላይ ያለውን ስሜት ይቀንሳል፤ የተሰነጠቀ የገጽ ጠርዝ በክሩ ይያዝና ይቀደዳል። ለወረቀትና ለብራና ታጥቦ በደንብ የደረቀ ባዶ እጅ ይመረጣል። ለብርና ለናስ ነው ጓንት የሚያስፈልገው፤ የእጅ ላብና ጨው ብረቱን ያበላሸዋልና። ይሁንና የእኛ ቡድን ምንም ነገር አይነካም፤ ገጽ መግለጥ ካስፈለገ የሚገልጡት የሙዚየሙ ሰዎች ናቸው። ከመጻሕፍቱ ውስጥ ቁርኣን እንዳለ አይዘንጋ፤ ያለ ውዱእ (ለሶላት የሚደረገው መታጠብ) የማይነካ ስለሆነ ጉዳዩ የጥበቃ ብቻ ሳይሆን የአክብሮትም ነው።

አሁን ስለ ብርሃን። ለወረቀት፣ ለጨርቅና ለቀለም የሚመከረው 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይደርሳል። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት አይመለስም፣ ይደማመራል። አንድ የስልክ ፍላሽ ብቻውን መጽሐፍ አያጠፋም፤ 36 ሰው አሥር አሥር ጊዜ ሲያበራ ግን ሌላ ነው፤ ከእኛ በፊትና በኋላም ሌላ ቡድን አለ። ከዚህ የባሰው የስልክ ባትሪ መብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አውጥቶ መጽሐፉ ላይ ይደግናል። ደንቡ እንዲህ ይጻፍ፦ መብራት ከጠፋ ባትሪ ለደረጃ ብቻ፤ በመስታወት ሣጥን ላይ አይበራም።

ሌሎቹ ጥፋቶች ሁልጊዜ የሚደጋገሙት ናቸው። የጀርባ ቦርሳ፦ ሰው ሲዞር ቦርሳው ከኋላው ያለውን መስታወት ይመታል፤ ቦርሳውን ያዘለው ሰው ግን አይታወቀውም። ቦርሳ መኪና ውስጥ ይቅር ወይም ከደረት ይያዝ። እስክሪብቶ፦ የፈሰሰ ቀለም ከወረቀት አይለቅም፤ እርሳስ ብቻ። ውሃ፦ ውጭ ይጠጣል። እርጥበት፦ በጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ሲተነፍስ እርጥበቱ ይጨምራል፤ የቡድኑን ቁጥር 12 ላይ የምናቆምበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የላይኛው ፎቅ ወለል ድሮ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ አይከማችም፤ በረንዳውም ለቡድን ፎቶ አይሆንም።

ጫማ አውልቁ ከተባለ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገ ሰው ያተርፋል። 12 ሰው በር ላይ ተደርድሮ ክር ሲያስር የጉብኝቱ ሩብ እንዲሁ ያልቃል።

የፕሮግራም ክፍል

በዚህ መሠረት የሰዓት ድልድሉን አስተካክያለሁ። ሦስት ቡድን፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። እያንዳንዱ ዙር 50 ደቂቃ፣ በመካከል 15 ደቂቃ የእግር መንገድ።

ረቡዕ፦ 3፡00–3፡50፣ 4፡05–4፡55፣ 5፡10–6፡00። ሦስቱ ጣቢያዎች ሙዚየሙ፣ ራምቦ ቤት እና የቤቶቹን ውጫዊ አሠራር የምናነብበት የእግር ጉዞ ናቸው። ሐሙስ በዚያው ሰዓት፦ ሙዚየሙ እንደገና፣ የሐረሪ ቤት፣ የጁገል በሮች። እያንዳንዱ ሰው ሙዚየሙን ሁለት ጊዜ ያየዋል። በመጀመሪያው ቀን ዝም ብሎ ይዞራል፣ ሦስት ዕቃ ይመርጣል፤ ማታ ሆቴል ስለመረጠው ያነባል፤ በሁለተኛው ቀን ሦስቱን ብቻ ያያል፣ በእርሳስ ይስላል፣ ይጠይቃል። ትምህርት የሚወጣው ከሁለተኛው ነው።

በዚህ ምክንያት ባቢሌ ይውጣ። ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱና ቆይታው የሐሙስን ጠዋት ሙሉ ይወስዳል።

አንድ አባል

ባቢሌን እንኳን እሺ። ጅቡን ግን አታስወጡብን። ሰው ሐረር ሄዶ ጅብ ሳያይ ቢመለስ ልጆቹ ምን ይሉታል?

የፕሮግራም ክፍል

ጅቡ ማታ ስለሆነ ከሙዚየሙ ጋር አይጋጭም። ግን በማኅበሩ ገንዘብ አይከፈልም፤ የፈለገ በራሱ ወጪ ይሄዳል። ፕሮፖዛሉ ላይ ስሙም አይነሳ፤ ሥራ አስፈጻሚው ገና «ጅብ» የሚለውን ሲያይ ወረቀቱን ይመልሰዋል።

ከሐረር አባል

በትምህርት በኩልም ቦታ አለው እኮ። በግንቡ ሥር ያሉት የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች፣ ዋራባ ኑዱል፣ የጁገል አካል ናቸው፤ ሌሊት እየገባ ቆሻሻውን የሚያጸዳው ጅብ ነው። በበሮቹ ጣቢያ ላይ አስጎብኚው ያሳያችሁ፣ ያለ ክፍያ።

ስለ በሮቹ፦ ረቂቁ «አምስቱንም በሮች በ50 ደቂቃ» ይላል። አይሆንም። የግንቡ ዙሪያ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ 12 ሰው ይዞ እየቆሙ መዞር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቡዳ በርና ሰንጋ በር ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱ ይበቃሉ። ሸዋ በር፣ ፈላና በርና ኤረር በር በካርታ ይታዩ። ለመኪና በኋላ የተከፈተውን ሐረር በርን ከአምስቱ ጋር አትቁጠሩ፤ ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተዉት በር አምስት ነው።

ራምቦ ቤት ላይም አንድ ነገር ይጨመር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም.፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ1883 ዓ.ም. ነው። አሁን በስሙ የሚጠራው ቤት የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው፤ እሱ ኖሮበታል የሚለውን የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። ስለዚህ የመልመጃ ወረቀቱ «ራምቦ የት ክፍል ይተኛ ነበር?» የሚል ጥያቄ ከሚያቀርብ «ቤቱ በምን ምክንያት ይህን ስም አገኘ? በምን ማስረጃ ይፈተናል?» ብሎ ይጠይቅ። ቤቱ ውስጥ ያሉት የድሮ የሐረር ፎቶግራፎች ግን ለሥራችን ወርቅ ናቸው፤ የድሮዎቹ በሮችና አደባባዮች እዚያ ይታያሉ።

ሥርዓተ ትምህርት ንዑስ ኮሚቴ

የመልመጃ ወረቀቱን አየነው። ትልቁ ጉድለት የዘመን አቆጣጠር ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ሦስት ዘመን ይቀላቀላል፦ ሂጅራ፣ የእኛው እና የአውሮፓው። ተማሪ ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ ሲመጣ ታሪኩ ይተራመሳል። ስለዚህ «ዓመት» ከሚለው አምድ አጠገብ «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚል አምድ ይግባ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ይህ ይቀመጥ፦ የሂጅራውን ዓመት በ0.97 ማባዛት፣ 622 መደመር፤ የአውሮፓው ዓመት በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ ይገኛል። ከዚያ 7 ወይም 8 መቀነስ። መፈተኛው ጨለንቆ ይሁን፦ 1304 ሂጅራ ሲባዛ 1264.88፣ 622 ሲደመር 1886.88፣ ማለትም 1887፤ 8 ሲቀነስ 1879 ዓ.ም.። ሂጅራ በጨረቃ ስለሚሄድ «579 ደምር» ወይም «583 ቀንስ» ዓይነት አንድ ቋሚ ቁጥር ለሁሉም ዘመን አይሠራም።

የእጅ ጽሑፎቹ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ መጽሐፍ እስከ ሦስት ዘመን ሊኖረው ይችላል፦ ድርሰቱ የተደረሰበት፣ ቅጂው የተገለበጠበት እና ለመስጊድ ወይም ለትምህርት ቤት ወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ ዘላቂ ስጦታ) የተደረገበት። መግለጫው ላይ ያለው ቁጥር የትኛው እንደሆነ አስጎብኚው ይጠየቅ። የብራና መጻሕፍትን ለለመደ መምህር ደግሞ የሐረሩ መጽሐፍ ከጅምሩ ይለያል፦ ወረቀት ነው፣ ወረቀቱም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በብርሃን አንጻር ሲያዝ ሦስት የጨረቃ ቅርጾች ያሉበት የጣልያን ወረቀት በሐረር መጻሕፍት ውስጥ የተለመደ ነው። ከኋላው ሽፋን ተነስቶ ፊት ላይ የሚታጠፈው የቆዳ ምላስም የእስላማዊ ጥራዝ ምልክት ነው። አንድ ወረቀት ብቻውን የንግድ መሥመር ያስተምራል።

ሳንቲሞቹ ላይ፦ የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ይህ «ሐረር የንግድ ከተማ ነበረች» ከሚል አንድ ገጽ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ማርትሬዛ (የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የብር ሳንቲም) ካጋጠማችሁ ግን ላዩ ላይ ያለውን 1780 የተመታበት ዓመት አድርጋችሁ አትጻፉ። ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከዚያ ዓመት በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዘው ነው የወጡት።

አንድ አባል

ጨለንቆን ካነሳችሁ፣ መንገዳችን ላይ አይደለም እንዴ? ከሂርና አልፈን፣ ቁልቢ ሳንደርስ። ሃያ ደቂቃ ብንቆም ሁሉም ነገር በቅደም ተከተሉ ይሆናል፦ መጀመሪያ የጦርነቱ ቦታ፣ ከዚያ የተያዘችው ከተማ፣ ከዚያ የገዥው ቤት። ራስ መኮንን ያሠሩት ቁልቢ ገብርኤልም ቀጥሎ ነው።

ትራንስፖርት

ሃያ ደቂቃ ይቻላል፤ ነገር ግን ከመኪና ወርዶ የመንገዱን ዳር ሳይለቁ። ቁልቢ ላይ አንቆምም፤ ሁለት ቦታ ከቆምን ፀሐይ ትጠልቅብናለች።

አንድ አባል

የመልስ ጉዞው ዓርብ ስለሆነ የጁምዓ ሶላት መቆሚያም ይታሰብ። ሙስሊም አባላት አሉን።

ትራንስፖርት

ጭሮ ላይ ከምሳው ጋር ይገጣጠማል። ከሐረር ከጠዋቱ 12፡30 ከተነሳን እናደርሳለን። የሐሙስ ማታ ገበያ የሚወጣ ሰው ስፌቱን ያኔ ገዝቶ ይጨርስ፤ ዓርብ ጠዋት ሱቅ አይከፈትለትም፣ መኪናውም አይጠብቀውም።

ጸሐፊ

ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ይህን ይምሰል፤ ግልባጩ ለሙዚየሙ ይሆናል፦

«ማኅበራችን 36 የታሪክ መምህራንን ይዞ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየምን ለመጎብኘት ይፈልጋል። የጉብኝቱ ዓላማ ስለ ሐረር ከተማና ሕዝብ ታሪክ ከቅርሶቹ በመነሳት የክፍል ትምህርት ማዘጋጀት ነው። መምህራኑ በሦስት ቡድን ተከፍለው፣ በአንድ ጊዜ ከ12 ሳይበልጡ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ይገባሉ። ቅርሶችን አይነኩም፣ በፍላሽ አያነሱም፤ ፎቶግራፍ የሚያነሱት ሙዚየሙ በፈቀደበት ቦታ ብቻ ሲሆን የእጅ ጽሑፍ ገጾችን ያለ ፈቃድ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለቁም። ሦስት ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች እንዲመደቡልን፣ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያው መጠን በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሚዘጋጁት ትምህርቶች ኮፒ ለሙዚየሙ ይሰጣል።»

ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ኖሮት ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ይላካል። ከሳምንት በኋላ በስልክ ይከታተሉታል፤ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ መተኛት የተለመደ ነውና።

ከሐረር አባል

ጥሩ ነው። «ኮፒ ይሰጣል» ያላችሁትን ግን በእርግጥ አድርጉት። ቡድን ይመጣል፣ ይጽፋል፣ ቃል ይገባል፤ ከዚያ የሚመለስ ወረቀት የለም። በፕሮፖዛሉ ላይ የማስረከቢያ ቀንና ኃላፊ ሰው ይጻፍ።

ሰብሳቢ

ተስማምተናል፦ ትምህርቶቹ በተመለሱ በ30 ቀን ውስጥ ለሥርዓተ ትምህርት ንዑስ ኮሚቴ ይገባሉ፤ ጸሐፊው አጠናቅሮ ለሙዚየሙ ይልካል። ከዝርዝሩ የወጡት ጓንቱ፣ ባቢሌና የከሰዓት በኋላው ጉብኝት ናቸው። የገቡት ሁለተኛው የሙዚየም ቀን፣ የሐረሪ ቤት፣ የጨለንቆ ማቆሚያና የሾፌሮቹ ክፍል።

ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ። የፈተና ውጤት ርክክብ ያላለቀላቸው መምህራን እስከ ቅዳሜ ስማቸውን ለገንዘብ ያዥ ይንገሩ። ሙዚየሙ ያንን ሳምንት ካልተቀበለን ቀጣዩ ሳምንት፤ እሱም ረመዳንን ከነካ ጉዞው ወደ ጥቅምት ይተላለፋል፣ የሆቴሉ ቀብድም ይህንኑ ታሳቢ አድርጎ ይከፈል።

ገንዘብ ያዥ

ቀብዱን ከመክፈሌ በፊት ሆቴሉ ቀን መቀየር እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ይስጠኝ። ያለዚያ አልፈርምም።